ገላ ወረቀት አይደለም፦ «የዕፅዋት ሽቶ አይቆይም» ለሚሉ ከመቱ የተሰጠ ምላሽ

«ከዕፅዋት ብቻ የተቀመመ ሽቶ፣ ሽቶ አይባልም፤ አይቆይማ።» ይህን አባባል በአዲስ አበባ የሽቶ መደብሮች ሰምቼዋለሁ፤ ስለ ውበት በተጻፉ መጣጥፎች አንብቤዋለሁ፤ ኬሚስትሪ የተማሩ ወዳጆቼም ያለ ማመንታት ይደግሙታል። ክርክሩ ሁለት እግር አለው። አንደኛው፣ ሽቶ የሚመዘነው በሚቆይበት ሰዓትና በሚደርስበት ርቀት ነው፤ የተፈጥሮ ሽቶ በሁለቱም ይወድቃል ይላል። ሁለተኛው አገራችንን ይመለከታል፦ ኢትዮጵያ ዕጣን፣ ከርቤና ዝባድ ለዓለም ስታቀርብ የኖረች የጥሬ ዕቃ ምድር ናት እንጂ ገላ ላይ የሚውል ሽቶ ቀምማ አታውቅም ይላል።

ሁለቱንም አልቀበልም። ያልተቀበልኩበትን ምክንያት ያገኘሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በመጀመሪያ በኢሉባቦሯ መቱ፣ በአንዲት እናት ጓዳ ነው። መጻሕፍቱን የገለጥኩት ከዚያ በኋላ፣ ያሸተትኩትን ለመረዳት ነው። ሆኖም ለአንባቢ እንዲመች ከመለኪያው ልጀምር።

ሽቶ ቀማሚዎች የላይ፣ የመካከልና የሥር መዓዛ የሚሉት ክፍፍል ዛሬ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይነገራል። ለክፍፍሉ ቁጥር ካበጁለት ሰዎች ዋነኛው፣ በተራራ ፎቶግራፎቹም የሚታወቀው እንግሊዛዊ ሽቶ ቀማሚ ዊልያም ፓውቸር ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት መዓዛዎችን እንደ ትነታቸው ፍጥነት ከ1 እስከ 100 ደረጃ ሰጣቸው፤ ፈጥነው የሚበኑት ከታች፣ ሰንደልንና ፓቹሊን የመሰሉ ዘገምተኞች ከላይ። ትዕግሥት የጠየቀ፣ ክብር የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን ፓውቸር መዓዛዎቹን ያሸተተው በወረቀት ቁራጭ ላይ ነው። ወረቀት ሙቀት የለውም፤ ወዝ የለውም፤ አያልበውም። የሰው ቆዳ ገጽ ግን 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፤ የራሱ ቅባት አለው፤ ጥቂት ኮምጣጣነትም አለው። በወረቀት ላይ የተሰጠ ደረጃ ስለ ወረቀት እውነቱን ይነግረናል። ስለ ገላ ለመናገር ግን ሌላ ሥራ ያስፈልጋል።

ሌላው የተረሳ ነገር ተሸካሚው ነው። በመደብር የምንገዛው ሽቶ አብዛኛው ክፍሉ አልኮል ነው። አልኮሉ ቆዳ ላይ እንዳረፈ በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ሲያልቅ፣ በውስጡ ከነበረው መዓዛ ፈጣኑን ክፍል በአንድ ጊዜ ለአየር ይለቀዋል። በር ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው ጠረን ከዚህ ይመጣል። ስብ ግን ሌላ ጠባይ አለው። የመዓዛ ቅንጣቶች አብዛኞቹ ከውሃ ይልቅ ስብ ይወዳሉ። ስብ ውስጥ የሟሟ ቅንጣት ከወዳጁ በቀላሉ ስለማይለይ ወደ አየር የሚወጣው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ያው የኮረሪማ ዘይት በአልኮል ሲሆን ለአጭር ጊዜ ይጮኻል፤ በቅቤ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ያንሾካሹካል። ዕፅዋቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሳፈረበት ነው። «የዕፅዋት ሽቶ አይቆይም» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሰጠው በአልኮል ላይ ሆኖ ሳለ የተጻፈው በዕፅዋት ስም ነው።

ታሪክም ይህንኑ ይላል። ሰው ሽቶን በስብና በዘይት ሲቀባ የኖረው አልኮል ከመምጣቱ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 30 የሚዘረዝረው ቅብዓ ቅዱስ ከርቤና ቀረፋ በወይራ ዘይት የተዋሃዱበት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሜሮንም ቅብዓት ነው። በመቱ መስጊድ ደጃፍ ከዓርብ ጸሎት የሚወጡ ሰዎች እጃቸው ላይ የሚሸተው አልኮል የሌለው የዘይት ሽቶም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እንግዳው አልኮሉ ነው፤ ባለቤቱን ግን እንግዳው በራሱ መስፈሪያ እየሰፈረው ይገኛል።

የቆይታን ርዝመት በተመለከተ አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ። በ1709 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ የተመሠረተው የፋሪና ቤት ለዓለም ያስተዋወቀው ውሃ፣ ዛሬም ኮሎኝ የምንለው፣ የብርቱካንና የሎሚ ዘሮች ዘይት በአልኮል የተበረዘበት ነው። ከቆዳ ላይ ፈጥኖ በመጥፋት የታወቀ ነው። ሆኖም ኮሎኝን «ሽቶ አይደለም» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ቆይታ የሽቶነት መስፈርት ቢሆን ኖሮ የአውሮፓን የሽቶ ታሪክ ከመሠረቱ መፋቅ በተገባን። መስፈርቱ የመጣው በኋላ ነው፦ በ1882 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ የተሠራ ኩማሪን «ፉዤር ሯያል» ውስጥ፣ በ1889 ቫኒሊን «ዢኪ» ውስጥ፣ በ1921 አልዲሃይዶች «ሻኔል ቁጥር 5» ውስጥ ገቡ። ከዚያ የተከተሉት ሰው ሠራሽ ምስኮች ከታጠበ ልብስ ላይ እንኳ የማይለቁ ሆኑ። ትልቅ ጥበብ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን አፍንጫችን በእነዚህ ከተለማመደ በኋላ የቀድሞውን ሁሉ በእነሱ ልክ መጠበቅ ጀመረ።

አሁን ወደ መቱ ልመለስ። አዴ ብዬ የምጠራቸው እናት ቤት ከከተማው ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ሽቶ እሠራለሁ ብለው አያውቁም፤ ለራስና ለገላ የሚሆን ቅቤ «አሸታለሁ» ነው የሚሉት። ለጋውን ቅቤ በገበታ አድርገው በቀዝቃዛ ውሃ ያሹታል፤ ውሃው ነጭ ሲሆን ይደፉታል፤ እንደገና ያሹታል፤ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ። የሚወጣው አሬራ ነው። ቅቤን ቶሎ የሚያበላሸው አንዱ ነገር በውስጡ የቀረው አሬራ ስለሆነ፣ በዚህ እጥበት የቅቤውን ዕድሜ እያራዘሙ ነው። ጎን ለጎን ማሰሮው በወይራ ጢስ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ኮረሪማው በክር ተሰክቶ ከተንጠለጠለበት ይወርድና ይፈለፈላል፤ ፍሬው ምጣድ ላይ ለአፍታ ሞቅ ብሎ በሙቀጫ ይወቀጣል። ከጓሮ የተቀነጠበና በጥላ የደረቀ ኮሰረት ይጨመራል። ሁሉም ከቅቤው ጋር ተለውሶ በታጠነው ማሰሮ ሦስት ቀን ተከድኖ ይሰነብታል። ከዚያ በለሰለሰ ሙቀት ቀልጦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል።

ጎረቤታቸው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ወደ ኢሉባቦር በሰፈራ የመጡ ናቸው። ለእሳቸው አደስ የሌለበት ቅቤ ራቁቱን ነው። አዴ ደግሞ አደስን «ደረቅ ነው፣ ይቸኩላል» ይሉታል። እውነትም የአደስ ዘይት በአብዛኛው ፒኒንና ሲኒዮልን የመሳሰሉ ቀላል፣ ፈጣን ቅንጣቶች ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ስለዚህ ጉዳይ ቡና ላይ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ አንዷ ኮረሪማው እንዲቀንስ፣ ሌላዋ አደሱ በመጨረሻው ቀን ብቻ እንዲገባ። ፈረንሳይ አገር በነጭ ካፖርት የሚደረግ ቢሆን ይህን ክርክር ቅመማ እንለው ነበር። እኔም የምለው ያንኑ ነው። ቅመማ ማለት መምረጥ፣ መመጠን፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ዘግይቶ እንዲሰማ መወሰን ከሆነ፣ በዚያ ጓዳ የጎደለ ነገር አላየሁም።

የደቡብ ፈረንሳይዋ ግራስ በስሟ የታወቀችበት ዘዴም ከዚህ ሩቅ አይደለም። እዚያ የጃስሚን አበባ በመስታወት ላይ በተቀባ የከብትና የአሳማ ሞራ ላይ ይደረደር ነበር፤ ሞራው መዓዛውን ሲጠጣ አበባው በየዕለቱ በአዲስ ይተካ ነበር፤ ሞራው እስኪጠግብ ሳምንታት ይሄድ ነበር። አንዱን ዘዴ ጥበብ፣ ሌላውን የጓዳ ልማድ ብለን የምንጠራበት ምክንያት በስቡ ውስጥ አይገኝም።

ይህ ቅቤ ገላ ላይ እንዴት ይውላል? ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይኸውም የቆዳችን ሙቀት ደፍ ላይ። በመቱ ቀዝቃዛ ማለዳ ማሰሮው ውስጥ ጠንካራ ነው፤ ማጅራት ላይ ሲያርፍ ይከፈታል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ትበቃለች። መጀመሪያ የሚወጣው የኮረሪማው ሲኒዮል ነው፤ የነጭ ባሕር ዛፍን ቅጠል ያሸ ሰው ያውቀዋል፤ ቀዝቀዝ የሚል፣ አፍንጫ የሚከፍት። 176 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ቀላል ቅንጣት ነው፤ አይዘገይም። ቀጥሎ ኮሰረቱ ይመጣል። የኮሰረት ዘይት ዋናው ሊናሎል ነው፤ ላቬንደርን ላቬንደር ከሚያሰኙት አንዱ። ለእኔ በጠዋት ጤዛ ውስጥ የተረገጠ ለምለም ሣር ይመስለኛል። ረፋዱ ላይ ብዙ ሰው «ጠፋ» ይላል። አልጠፋም። ኮረሪማ ከሲኒዮል ሌላ ኔሮሊዶል የሚባል ከባድ ቅንጣት አለው፤ የሚፈላው 276 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንጨትና አበባ የተቀላቀሉበት ዝግ ያለ መዓዛ አለው። በዚያ ላይ ከወይራው ጢስ ቅቤው ውስጥ የቀሩት ጓያኮልን የመሰሉ ቅንጣቶች አሉ። ከቀትር በኋላ የሚሰማው ይህ ነው፦ ሙቅ፣ ትንሽ ጢስ ያለበት፣ ከታቹ የወተት ጣፋጭነት ያለበት። አንዱ ቅመም በራሱ ሆድ ውስጥ ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም ይዟል ማለት ነው፤ የላይና የሥር መዓዛ ለማግኘት የግድ ሃያ ጠርሙስ መደርደር የለብንም።

በራሴ ገላ ሞክሬዋለሁ። ግራ ክንዴ ላይ የኮረሪማ ዘይት በአልኮል፣ ቀኝ ክንዴ ላይ የአዴን ቅቤ፣ አንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ዘይቱን ብቻ። የአንድ ሰው ሙከራ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንደ ጥናት አላቀርበውም። የተማርኩት ግን ስለ አፍንጫ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እኔ ቀኝ ክንዴ ላይ ምንም አይሰማኝም ነበር፤ ከውጭ የገባች የአዴ ልጅ ግን በሩ ላይ ሆና ሳይሆን እጄን ስትጨብጥ «የእማዬ ቅቤ» አለች። አፍንጫ አንድን ሽታ ሳያቋርጥ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ አይነግረንም። ስለዚህ «ይጠፋል» ከሚሉት ምስክሮች አብዛኞቹ ቅባቱን የተቀቡት ራሳቸው ናቸው። የገዛ ሽቶው መቆየቱን ለማወቅ ሰው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

ይህ ደግሞ የርቀቱን ጥያቄ ያስነሳል። የተቃራኒዬ መለኪያ አንድ ሽቶ ከባለቤቱ ቀድሞ ስንት ክንድ ይሄዳል የሚል ነው። በኢሉባቦር ከተሞች፣ በመቱም በጎሬም በያዮም፣ ሰው ሲገናኝ ትከሻ ለትከሻ ይነካካል፤ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል፤ ረከቦቱ ዙሪያ ጉልበት ለጉልበት ይቀመጣል። የቅቤ ሽቶ የተሠራው ለዚህ ርቀት ነው። ቡና በሚቆላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት፣ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ቤት ውስጥ ሁሉን የሚሸፍን ሽቶ ይዞ መግባት የቤቱን መዓዛ መንጠቅ ነው። ሽቶው ዝቅ ያለው አቅም አንሶት ሳይሆን ከጎኑ ሌሎች መዓዛዎች እንዳሉ ስለሚያውቅ ነው።

አንድ ብርቱ መቃወሚያ አለ፤ ልለፈው አልችልም። «ኢሉባቦር እኮ የዝባድ አገር ነው፤ አባቶቻችን ራሳቸው ያለ ዝባድ መዓዛ እንደማይቆይ ስለሚያውቁ ነው ጥርኝ ያረቡት» ይባላል። እውነት ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን በከብት ቀንድ ታሽጎ የወጣ ዝባድ የዓለምን ሽቶ ለዘመናት አጽንቷል። ነገር ግን ዝባዱ የተሰበሰበው ለመሸጥ ነው። በአዴ ማሰሮ ውስጥ ዝባድ የለም፤ ማጽናቱን የሚሠሩት ስቡ፣ ጢሱና ኔሮሊዶሉ ናቸው። የዝባድ ምስጢር የሆነውን ሲቬቶን የተባለ ባለ 17 ካርቦን ቀለበት ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1926 እ.ኤ.አ. ፈትቶታል፤ በ1939 ለኖቤል ካበቁት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ዛሬ በቤተ ሙከራ ይሠራል። በጠባብ ቀፎ ተዘግቶ በየጥቂት ቀኑ የሚፋቀውን እንስሳ ሥቃይ ያየ ሰው ይህን በእፎይታ ይሰማል፤ እኔ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዝባድን የኢሉባቦር ሽቶ መታወቂያ አድርጌ ልናገርለት አልቻልኩም።

የጥሬ ዕቃ ምድር ስለመባላችን ደግሞ የራሳችን ኬሚስቶች ብዙ ነገር ትተውልናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብርሃኑ አበጋዝ ከባልደረቦቹ ጋር በ1983 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ጠጅ ሣር ዘይት ሲመረምሩ፣ ሌላ አገር የሎሚ ሽታ የሚሰጠው ሲትራል ዋና ሆኖ በሚገኝበት ቦታ ጀራኒዮልን አገኙ፤ የጽጌረዳ ዘመድ የሆነውን። አንድ ስም ያለው ተክል በእኛ አፈር ሌላ መዓዛ ይናገራል ማለት ነው። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ባለ መዓዛ ተክሎችን እየመረጠ ያባዛል። ሆኖም ይህ ሁሉ ምርምር የቆመው ዘይቱ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ነው። ከጠርሙስ ወደ ገላ ያለው መንገድ፣ ምን ውስጥ እንደሚሟሟ፣ በምን ሙቀት እንደሚከፈት፣ ስንት ሰዓት ላይ ምን እንደሚሰማ፣ በጓዳ ያሉ እናቶች ዘንድ ቀርቷል። መቱ ላይ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከኮረሪማው ጫካም ከአዴ ቤትም የራቀ አይደለም።

ተቃራኒዎቼ ትክክል የሆኑበት ቦታም አለ። የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም ብሎ የሚሸጥ ሰው ያታልላል። ጤና አዳምን ገላው ላይ አሽቶ ፀሐይ የወጣ ሰው ቆዳው ሊቃጠልና ሊቋጥር ይችላል፤ በተክሉ ውስጥ ያሉ ፉራኖኩማሪኖች ከብርሃን ጋር ተባብረው ያቆስላሉ። የኮሰረቱ ሊናሎልም አየር እያገኘው ሲቆይ ቆዳ የሚያሳክክ ነገር ይወጣዋል፤ አሮጌ ቅቤ ከሽታው በላይ ለዚህም ነው መጣል ያለበት። ቅቤ በእርግጥ ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ይህን የማይወድ አፍንጫ አለ፤ አልከራከረውም። አዴ ራሳቸው ከአንድ ወር ያለፈውን ቅቤ ለገላ አይሰጡም።

ባለፈው የቡና አበባ ወቅት መቱ ነበርኩ። ቡና የሚያብበው ከበጋው ድርቀት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ሳምንት አለፍ ብሎ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ይነጣል። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በመዘገበው፣ 167,021 ሄክታር በሚሸፍነው የያዮ የቡና ጫካ ክልል በዚያን ጊዜ በእግሩ የሄደ ሰው ጃስሚን መሳዩን መዓዛ አይረሳውም። አበባውን መልቀም ፍሬውን መቁረጥ ስለሆነ ማንም አይደፍረውም። አዴ ግን በሁለተኛው ቀን ከቅርንጫፎቹ ሥር ጨርቅ አንጥፈው፣ ሥራውን ጨርሶ ሊረግፍ ያለውን ነጩን ቅጠል ብቻ ቀስ ብለው አራገፉ። የታጠበ ቅቤ በስሱ በተቀባ ሳህን ላይ በተኑት፤ በማግስቱ አንስተው በአዲስ ተኩት፤ ከዚያ በኋላ የሚረግፍ አበባ አልቆ ነበር። ግራስን አያውቋትም፤ ስለ ሞራና ስለ መስታወቱም ማንም አልነገራቸውም።

ሳህኑን አሽትቼ ምንም ያህል አልተሰማኝም፤ ቅቤ ነበር። አዴ በጣታቸው ትንሽ ወስደው አንገቴ ላይ ቀቡኝና ወደ ጎሬ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ትከሻዬን ሳመኝ፤ እንደገና ጠጋ አለና፣ «እናንተ ጋ ቡናው አብቧል እንዴ?» አለኝ።